የአሥር ቀን ባል

«ኢናስ፣ ያ ፋዘርሽ አይደል እንዴ?»

ሆሳዕና የጭማቂዋን ገለባ ከአፏ ሳታወጣ በአገጯ ወደ ካርፓርኩ ጠቆመች። ኢናስ ዞር ብላ አየች። ነጩ መኪና፣ የተሰነጠቀው የኋላ መብራት፣ መሪው ላይ ደገፍ ያለው ሰፊ ትከሻ፤ አባቷ አብዱልሀኪም ነው። የሚኖረው ዲር ፓርክ፣ የሚሠራውም እዚያው አንድ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ሆፐርስ ክሮሲንግ ድረስ ምን ሊያደርግ መጣ? እሷ የመጣችው የሆሳዕና ቤተሰቦች በቅርቡ ቤት ቀይረው እዚህ ስለገቡ ነው እንጂ፣ ከሚያውቋቸው ሐበሾች ማንም ወደዚህ የገበያ አዳራሽ አይመጣም።

ልትጠራው እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ከአባቷ ጎን የተቀመጠውን ሰው አወቀችው። ሙእሚን ነበር፤ እናቷን ሊያገባ የጠየቀው ሰው።

ባለፈው እሁድ የሃይማኖት አስተማሪዋ እትዬ ፈጡማ ቤት ሲተዋወቁ ኢናስም ነበረች። እናቷ ዙበይዳ ነጠላዋን አስተካክላ በቀጥታ ጠይቃው ነበር። «የልጄን አባት አብዱልሀኪምን ታውቀዋለህ?»

«ስሙን ሰምቻለሁ እንጂ ሰውየውን አላውቀውም። ሜልቦርን ከገባሁ ገና አራት ወሬ ነው» ብሎ መለሰ።

አሁን ሁለቱ ከአንድ ወረቀት ቺፕስ ይበላሉ። አባቷ እያወራ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፤ የሁለቱንም እጅ ጣቶች ጨረሰ። ሙእሚን ራሱን ነቀነቀ። ተጨባበጡ።

«ቢያውቀው ምን አለበት? አታካብጂ» አለች ሆሳዕና።

«አላውቀውም ብሎ ነዋ የተናገረው።»

«ለምን ይዋሻል?»

ኢናስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። ወደ ቤቷ፣ ወደ ሰንሻይን ዌስት በሚመልሳት ባስ ውስጥ ሌሎች ነገሮች ይመጡባት ጀመር። አባቷ እናቷ ልታገባ እንደሆነ ሲሰማ ለምን አልተናደደም? ድሮ ስልክ በተደወለ ቁጥር «ማነው?» እያለ የሚጨቃጨቅ ሰው፣ «አላህ መልካሙን ያድርግላት» ብሎ አለፈው። ዓመት ሙሉ ቢለመን አልጠግንም ያለውን የጓሮ በር ባለፈው ሳምንት መጥቶ ጠገነው። ሲሄድ ደግሞ የኢናስን ራስ ዳበስ አድርጎ «ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል» አላት።

አባቷ እናቷን ሦስት ጊዜ ፈቷታል። አንዴ ካርቱም እያሉ፣ አንዴ ሜልቦርን በገቡ ዓመት። ሦስተኛውን የተናገረው ባልተተኮሰ ሸሚዝ ምክንያት ነው። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከሦስተኛው በኋላ ታርቆ መመለስ እንደሌለ ያውቃል። ዙበይዳ ሌላ ሰው አግብታ፣ ያ ትዳር ደግሞ በራሱ ምክንያት ካልፈረሰ በቀር።

ቅዳሜ ከሰዓት ኢናስና ሌሎቹ ተማሪ ልጃገረዶች እንደ ወትሯቸው እትዬ ፈጡማ ጋራዥ ውስጥ ለትምህርት ተሰበሰቡ። የሰኔ ብርድ ከሲሚንቶው ይወጣል፤ ስምንቱም አንዲት ሂተር ከበው ተቀምጠዋል። ትምህርቱ ስለ ኒካሕ ነበር። እትዬ ፈጡማ የተከለከሉትን የጋብቻ ዓይነቶች ነገሯቸው። እህትህን ስጠኝ፣ እህቴን ልስጥህ ተባብሎ ያለ መህር፣ ያለ ሙሽራዋ ጥሎሽ መለዋወጥ አይፈቀድም። ለተወሰነ ጊዜ ብሎ ማግባትም እንደዚያው። የተፈታች ሴት የመጠበቂያ ጊዜዋን፣ ዒዳዋን ሳትጨርስ ኒካሕ አይታሰርላትም።

ኢናስ እጇን አወጣች። «ሦስት ጊዜ የተፈታች ሴት ሌላ ሰው ብታገባና እሱም ቢፈታት፣ ለመጀመሪያው ባሏ ትመለሳለች አይደል?»

«አብሯት ሊኖር ከልቡ አግብቷት፣ ኑሯቸው ሳይሰምር ቀርቶ ከፈታት፣ አዎ።»

«ከመጀመሪያው ሊፈታት ከቀድሞ ባሏ ጋር ተስማምቶ ከሆነስ?»

እትዬ ፈጡማ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «እሱ ሐራም ነው። ነቢዩ፣ ሰላም በሳቸው ላይ ይሁንና፣ እንዲህ አድርጎ የሚያገባውንም የሚያገባለትንም ሰው ረግመዋል። የውሰት ወጠጤ ነው ያሉት።»

ልጆቹ ሳቁ። እትዬ ፈጡማ አልሳቁም።

«ሴትየዋ ባታውቅስ?»

«ካላወቀች ኃጢአቱ የነሱ ነው። እሷ ትዳር ይዣለሁ ትላለች፤ እነሱ ቀን ይቆጥራሉ።» ኢናስን ትኩር ብለው አዩዋት። «ለምን ጠየቅሽ?»

«ለሆምወርክ» አለች። የተሰጠ ሆምወርክ አልነበረም።

ሊከተል የመጣውን ጥያቄ ሳትጠብቅ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሙእሚንን ወደ እናቷ ያመጡት እትዬ ፈጡማ ናቸው። እሳቸውስ ቢያውቁ? ከእናቷ በቀር ሁሉም የሚያውቅ ቢሆንስ?

በማግስቱ እሁድ አባቷ እንደ ልማዱ በመኪናው ወሰዳት። ቀበቶዋን እያሰረች ጠየቀችው።

«አባ፣ ሙእሚንን ታውቀዋለህ?»

«የቱን ሙእሚን?»

«እማን የሚያገባትን።»

«አላውቀውም። ለምን አውቀዋለሁ?»

«ሐሙስ ዕለት ሆፐርስ ክሮሲንግ ቺፕስ ስትበሉ አየኋችሁ።»

አባቷ ጥቂት ነዳና መኪናውን ከአንድ ፋብሪካ አጥር ጎን አቆመ። የመስተዋቱን መጥረጊያ አስነሳ፤ ዝናብ ግን የለም።

«ሥራ ቦታ ነው የተዋወቅነው» አለ። «ሲድኒ ሥራ አግኝቷል፣ በቅርቡ ይሄዳል። አሥር ቀን ብቻ ነው። አሥር ቀን ይቆይና ይፈታታል። ዒዳዋን ስትጨርስ እኔ እመለሳለሁ። እንደ ድሮው ሦስታችን።»

«እማ ታውቃለች?»

«ብታውቅ እሺ ትላለች? እናትሽን አታውቂያትም?» ድምፁ ለሰለሰ። «ላንቺ ብዬ ነው፣ ኢናስዬ። አባት አጠገብሽ እንዲኖር አትፈልጊም?»

ትፈልጋለች። ጠዋት ጠዋት ሲያንኮራፋ መስማት፣ የሒሳብ ጥያቄ ሲከብዳት እሱ ያለበት ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ እየጮኸች መጠየቅ፣ በእሁድ ብቻ የማይለካ አባት ትፈልጋለች። ስለዚህም ነው «እሺ፣ አልናገርም» ያለችው። ቤት ስትገባ እናቷ «ምነው ፊትሽ?» ብትላት «ብርድ ነው» አለች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ዙበይዳ ለፋብሪካ የሕፃናት ልብስ እቤቷ ሆና ትሰፋለች። ያን ቀን ግን የራሷን ቀሚስ እየሰፋች ነበር፤ አረንጓዴ፣ እጀ ረጅም፣ ለሚመጣው እሁድ ኒካሕ።

«ሙእሚን ምን አለኝ መሰለሽ?» አለች ቀና ብላ። ፈገግታዋን ኢናስ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። «መንዳት አስተምርሻለሁ አለኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ላይሰንስሽን ትይዣለሽ አለኝ።»

በአሥር ቀን ማን መንዳት ይማራል? ኢናስ ከቦርሳዋ መጽሐፍ አወጣች፣ መልሳ ከተተችው። ዝም ብትል ማንም እሷን አይጠረጥርም። ለእሁድ ስድስት ቀን ቀርቷል፤ ነገም መናገር ይቻላል። ነገ ግን ቀሚሱ እጅጌው ተገጥሞ ያልቃል።

«እማ፣ ስፌቱን አንዴ አቁሚው።»

የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። ካርፓርኩን፣ የተቆጠሩትን ጣቶች፣ አባቷ አጥሩ ጋ ያለውን። ዙበይዳ አላቋረጠቻትም። ልጇ ስትጨርስ ብቻ «አባትሽ አሥር ቀን ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ።»

ዙበይዳ ወደ ስልኩ ሄዳ ደወለች። «ሙእሚን፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ካገባኸኝ ከአሥር ቀን በኋላ የት ነህ?» አለች። መልስ ጠበቀች። ጠበቀች። መነጋገሪያውን በቀስታ ዘጋችና ሌላ ቁጥር መታች። ከወዲያ የእትዬ ፈጡማ ድምፅ እስከ ኢናስ ድረስ ተሰማ። «ወላሂ አላወቅኩም፣ ዙበይዳ። ወላሂ።» ኢናስ አመነቻቸው፤ ወይም ልታምናቸው ፈለገች።

እናቷ ተመልሳ ተቀመጠች። መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ሳብ አድርጋ አወጣችው።

«አባትሽ እንዲመለስ አትፈልጊም ነበር?»

«እፈልጋለሁ።»

ዙበይዳ ክሩን ቆርጣ ቀሚሱን አጣጠፈችው።

ኒካሕ ሊሆን በነበረው እሁድ አባቷ በሰዓቱ መጣ። ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም።

«ያ ሰውዬ ከዳኝ» አለ መኪናውን እያንቀሳቀሰ። «ዙበይዳ ሁሉንም አውቃለች። ከሱ በቀር ማን ይነግራታል? ስልኬን እንኳ አያነሳም። ሲድኒ ሳይሄድ ነገ የሥራ ሺፍት ላይ አገኘዋለሁ።»

ኢናስ እጆቹን አየች። መሪውን አንቀው ይዘውታል። ሙእሚን ዋሽቷል፤ ይህን ግን አላደረገም። ዝም ብትል ጥርጣሬው እዚያው ሙእሚን ላይ ይቀራል፤ እሷ ደግሞ ልጁ እንደሆነች፣ እንደሚያምናት ትቆያለች።

ቀይ መብራት ላይ ቆሙ።

«ሙእሚን አይደለም፣ አባ።»

«እና ማነው?»

«እኔ ነኝ የነገርኳት።»

አባቷ አልዞረም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋ። የኢናስ እጅ የበሩ መክፈቻ ላይ ነበር። ወርዳ በእግሯ ቤት መድረስ ትችላለች፤ ሁለት መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው። እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና የሚለውን ለመስማት ተቀመጠች።