ከቶቲል ምንጭ ያልተጠጣው ውሃ

ራሒማ አኑዋርን የወደደችው በፍርስራሽ ሰበብ ነው ቢባል ማን ያምናል? ግን እንደዚያ ነው። አኑዋር ሰሊጥ ከሚያጭድበት ከዶካ ወደ ሱዳኗ ከተማ ገዳሪፍ በመጣ ቁጥር ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው አባቷ ሱቅ፣ ዱካኑ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ከስፔን ፎቶ ገባለት፤ ታላቅ ወንድሙ ጀማሉ በግ የሚጠብቅበት የተራራ መንደር። የተናደ ግንብ፣ ጣሪያቸው የወደቀ የድንጋይ ቤቶች፣ በጥድ መካከል የሚጠማዘዝ ቀጭን መንገድ።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለች ከባንኮኒው ኋላ አንገቷን አስግጋ።

«ከተማ ገቡ አሉ። ጥቂት ሽማግሌዎችና ወንድሜ ናቸው የቀሩት።»

«ፍርስራሽ ለማየት ባሕር ይሻገራል እንዴ? እዚሁ ከሰላ የፈረሰ መስጊድ አለልህ አይደል?»

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሙሉ ሆኖም ይሰካው ጀመር።

አባቷ «መንገደኛ ለልጄ አይሆንም» ብለው ነበር። ራሒማ ክረምቱን ሙሉ ለመነቻቸው፤ እህል እስከ መተው ደረሰች። በመጨረሻ «ይሁን፣ ሽማግሌ ይላክ» አሉ። አኑዋር ይህን የሰማው ወደ ሊቢያ በሚሄደው ሎሪ ለመሳፈር ከደላላው ጋር በጨረሰ ማግስት ነው። ጀማሉ ከፈረሱት ቤቶች የአንዱን ክፍል በገዛ እጁ ጣሪያ አልብሶ «ያንተ ነው» ብሎ ፎቶውን ልኮለታል። ለወንድሙም እሺ አለ፣ ለእሷም እሺ አለ። 

ዓርብ ዕለት ሦስት ሆነው ከሰላ ሄዱ፤ ሦስተኛዋ አክስቷ ዘሐራ ናቸው፣ ጠባቂ ተብለው። ከታካ ተራራ ሥር ወዳለው ጣሪያ የሌለው አሮጌ መስጊድ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ራሒማ መዳፏን በቀዩ ጡብ ላይ እያስኬደች ዞረችው።

«ወንድምህ ያለበትም እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ቀይ አይደለም» አለ። ዓይኗን ማየት ግን አልቻለም።

ዘሐራ ጉልበታቸውን ይዘው ከግድግዳው ጥላ ተቀመጡ። «እኔ ዳገት አልችልም። ዓይኔ ግን ዋላሂ ደህና ነው፤ ከዚህ አያችኋለሁ።»

ሁለቱ በቋጥኞቹ መሐል ቶቲል ወደምትባለው ምንጭ ወጡ። ከእሷ የጠጣ ሰው ወደ ከሰላ ሳይመለስ አይቀርም ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ራሒማ በኮባያ ቀድታ ተጎነጨችና ሞልታ ሰጠችው። አኑዋር ወደ ከንፈሩ አስጠጋ፣ ቀና አለ፣ ጉሮሮውንም አንቀሳቀሰ። አልጠጣም። እንደማይመለስ እያወቀ ያን ውሃ መዋጥ በሐሰት መማል መሰለው። ምስኪን፣ ትልቁን ውሸት ተሸክሞ ትንሹን ፈራ።

ራሒማ ኮባያውን ተቀብላ አየችው። እንደ ሞላ ነው። 

«መቼ ነው የምትሄደው?»

ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ አቃተው። «ሐሙስ።»

«እኔ አባቴን ስለምናቸው ይህን ታውቅ ነበር?»

«ሐሳቡ ነበረኝ። ወንድሜን አልመጣም ማለት ፈራሁ፤ አንቺን እሄዳለሁ ማለት ፈራሁ።»

«ሁለት ባላ ተክለሃላ። እኔ የትኛዋ ነኝ፣ የምትነቀለዋ?» እንባዋ ወረደ።

«ስጪኝ፣ ልጠጣ። እመለሳለሁ።»

ኮባያውን ወደ ኋላ አሸሸችው። «የሚመለስ እኮ የሚሄድ ሰው ነው፣ አኑዋር። እኔ የምፈልገው የማይሄድ ነው። ካልሆነ ለአባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አንተ በሰላም ግባ።»

አኑዋር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ስልኩን አወጣና ደላላውን «ቦታዬን ለሌላ ስጥ» አለው። ይሄ ቀላሉ ነበር። ቀጥሎ ለጀማሉ ደወለለት።

«ወንድሜ፣ አልመጣም።»

ከማዶ የበጎች ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ሰላም ከሆንክ ይበቃል» አለ ጀማሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ክፍሉን ለበጎቹ እሰጣቸዋለሁ።» ሊስቅ ሞከረ፤ ስልኩም ተዘጋ።

አኑዋር ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ራሒማ አጠገቡ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ ኮባያውን አቀበለችው።

«ጠጣ፤ ጠምቶሃል።»

ጠጣ።

ከኢድ በኋላ ኒካሕ ታሰረ። ዛሬ ዱካኑን አብረው ይጠብቃሉ፤ ይዋደዳሉ። ጀማሉም አልተቀየመም፤ ግንቡን፣ የተራራውን መንገድ፣ መንደሩን ፎቶ እያነሳ ይልካል፤ ራሒማ እያየች ትጠይቃለች። አኑዋር ግን ቀድሞ የሚፈልገው የዚያችን ክፍል በር ነው። ክረምትም በጋም በጎቹ ውጭ ናቸው። በሩ እንደተቆለፈ ነው።