የጓሳው ብስክሌተኛ አሟሟት

የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ጥሩሸዋ ከመሐል ሜዳ በበቅሎ ስትደርስ የሸዋንዳኝ ሬሳ ገደሉ ሥር ተሸፍኖ ጠበቃት። የጓሳ ሣር ጠባቂው አንገቱ ተሰብሮ፣ ብስክሌቱ ላዩ ላይ ተጋድሞ ነበር የተገኘው። የፊት ጎማው ግን ከያዘው ሹካ ብረት ወልቆ ከአፋፉ ዝቅ ብሎ የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ቀርቷል። ጊዜው ታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. ነው፤ ውርጩ ገና አልቀለጠም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አፈወርቅ አንድ ሰው አስሮ ቆሟል።

«ገዳዩ ይኸውልዎት። ይውሰዱትና ይሂዱ» አላት።

«ማን መሆኑን ያወቁት በምንድን ነው?»

«ጎማ መፍቻ ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

የታሰረው ገብረ አማኑኤል የሞላሌ ብረት ጠጋኝ ነው። ብስክሌቱን ቀይ ቀበሮ ሲያጠና የነበረ ፈረንጅ ጦርነቱ ሲቀርብ ለሸዋንዳኝ ትቶለት ሄዷል። በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ከፊት ብቻ ሞላ ያለው፣ ኋላው ደረቅ ብስክሌት ነው። ሸዋንዳኝ በበግ መንገዱ እየበረረ፣ ቦዩንና እርከኑን እየዘለለ በፈረስ ከሚሸሽ የሣር ሌባ ቀድሞ መንገድ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ የሚወደው ሰው ጥቂት ነው። የገብረ አማኑኤልንም በቅሎ ሣር እንደተጫነች ይዞ አስወርሶበታል።

«አልቅስ አይበሉኝ» አለ ጠጋኙ። «ግን ትናንት ጎማውን አጥብቄ፣ መቆለፊያውን ጥቁር ግራሶ ቀብቼ ነው ያስረከብኩት። ብጠላውም ሥራዬን አላበላሽም።»

ጥሩሸዋ ሊቀመንበሩንም የት እንደዋለ ጠየቀችው። ፊቱ ጠቆረ። ሸዋንዳኝ በመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ የሣር ሌባውን ስም እጠራለሁ ብሎ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ደግሞ ሌባው አፈወርቅ ነው ይላል። እሱ ግን ቤቱ መዋሉን ተናግሮ፣ ሴት ፖሊስ ልትመረምረው እንደማትችል ጨመረ። እሷም መልሱን ጻፈች።

የሟቹ ሚስት ይዘንጋሽ የባሏን ጠባይ ነገረቻት። ከዚያ ገደል በብስክሌቱ ከመዝለሉ በፊት ምንጊዜም ወርዶ፣ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ድንጋይ ወይም ከብት አለመኖሩን በእግሩ ሄዶ ያይ ነበር።

«ብስክሌቱንስ ለማን ይተዋል?»

«ብቻውን ከሆነ መሬት ላይ ያጋድመዋል፤ የሚያምነው ሰው ካለ ያስይዘዋል። የሚጠላውን ሰው ግን እንኳን ብስክሌቱን ጥላውን አያስነካም።»

በመጨረሻ የሥራ ባልደረባው ኃይለ ኢየሱስ ቀረበ። መርዶውን ለይዘንጋሽ ያደረሰው እሱ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ እንደነበር፣ ወደ ማታ ሲመለስ ሬሳው ላይ እንደደረሰ እያለቀሰ ተናገረ። ጥሩሸዋ ጋቢውን አየች። አንዱ ጫፉ ብቻ እርጥብ ነበር።

ከዚያ ብስክሌቱ የመጣበትን መንገድ በእግሯ ወጣች፤ የወለቀውን ጎማ ይዛ ተመልሳም ሁሉንም አፋፉ ላይ ሰበሰበች።

«ሊቀመንበር፣ ይህ ጎማ ቁልፍ አይፈልግም» ብላ መቆለፊያውን በአንድ ጣቷ ከፍታ ዘጋችው። «ስለዚህ ማንም ሊፈታው ይችላል። ትናንት ሞላሌ ላይ ተፈትቶ ቢሆን ደግሞ ሸዋንዳኝ እዚህ አይደርስም ነበር። ከላይ ሁለት ቦይ ዘሏል፤ ሁለቱም ጋ የፊት ጎማው በደህና ማረፉ አፈሩ ላይ ይታያል። የላላ ጎማ ክብደት ሲጫነው ከቦታው አይወጣም፤ ብስክሌቱ ከመሬት ሲነሣ ነው የሚወልቀው። ስለዚህ የተፈታው እዚሁ፣ ሸዋንዳኝ ማረፊያውን ሊያይ ሲሄድ ነው።»

«ማን እንደፈታው እርስዎ አላዩም» አለ አፈወርቅ።

«አላየሁም። ግን ብስክሌቱ እዚህ አልተጋደመም። ሁለቱ ጎማዎች ፊትና ኋላ ሆነው የቆሙበት ምልክት አለ፤ የመሪና የፔዳል ጭረት የለም። አንድ ሰው ይዞለት ነበር። ለእርስዎ አይሰጥዎትም፤ ተጣልታችኋል። ለጠጋኙም አይሰጥም። ሚስቱ በሰው ፊት ገበያ ውላለች። የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።»

ሁሉም ወደ ኃይለ ኢየሱስ ዞሩ። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ የገበሬ ማኅበሩ ዘቦች ከበቡት።

«መቆለፊያውን የከፈተ እጅ ጥቁር ግራሶ ይነካዋል። ግራሶ በውሃ ብቻ አይለቅም። ጋቢህን ግለጠው።»

አልገለጠውም። ገብረ አማኑኤል እጁ እንደታሰረ በጥርሱ ጎትቶ ጣለው። እርጥቡ ጫፍ ላይ የጣቶች ጥቁር አሻራ ቀርቷል።

ሣሩን በድብቅ ይሸጥ የነበረው እሱ ነው። እሑድ ስሙ ከተጠራ ወደ ጦር ግንባር እንደሚልኩት ያውቅ ነበር፤ ወንድሙም ከዚያ አልተመለሰም። ይህን መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ሸዋንዳኝ አንተ መሆንህን ያውቅ ነበር?» አለችው ጥሩሸዋ።

«አያውቅም። ሊቀመንበሩን ነበር የሚጠረጥረው። ግን ከእሑድ በፊት ሣሩን ከሚገዛኝ ነጋዴ ይሰማል ብዬ ፈራሁ።»

አፈወርቅ ጮክ ብሎ ተሳደበ። ገመዱ የተፈታለት ጠጋኝ ማንንም ሳይሰናበት ቁልቁል ወረደ።

ይዘንጋሽ ግን ኃይለ ኢየሱስ ፊት ሄዳ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ሊዘል ሲል ዞሮ አይቶሃል?»

«አይቶኛል።»

«ምን አለህ?»

«ማታ ከጥበቃ ስትመለስ ደግሞ አንተን ብስክሌት መንዳት አለማምድሃለሁ፣ አለኝ።»