ነጥብ ብቻ

ከፈተናው አዳራሽ ጫጫታ ሲነሳ ሚጢጢ መብራት የጠፋ መስሏት ነበር። ቀና ብላ ብታይ የኮምፒውተር ክፍሉ አምፖል እንደበራ ነው። ወዲያው በኮሪደሩ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ሰማች። ቲቸር ነበሩ፣ የኮምፒውተር መምህሩ። እኚህ ሰው ዝናብ ሲመታቸው እንኳ ሲሮጡ ታይተው አያውቁም።

አንገታቸውን በበሩ አስገብተው በአንድ ትንፋሽ ነገሯት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ፈተና ከስክሪን ላይ ጠፍቷል፤ ሁሉም ጋ የሚታየው «አድራሻው አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ነው፤ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አላቆመም። ጓደኛዋን ዝምታን አይታት እንደሆነ ጠየቋት። ሚጢጢም «ሒሳብ ክፍል ናት» አለች። ቲቸር እየሮጡ ተመለሱ።

አድራሻው አልተገኘም። ሚጢጢ ክው አለች።

እዚህ ላይ ስለ ስማቸው መናገር ያስፈልጋል። በነሱ ትምህርት ቤት ቅጽል ስም የሚወጣው ተገልብጦ ነው። ሚጢጢ በበር ስታልፍ ጎንበስ የምትል ረጅም ልጅ ናት። ጓደኛዋ ዝምታ ደግሞ ሰው ካጣች ግድግዳ የምታናግር ለፍላፊ። የትምህርት ቤቱን ኔትወርክ ለመለወጥ ከቲቸር ሌላ ፈቃድ ያላት ዝምታ ብቻ ናት፣ የኮምፒውተር ክበቡ ኃላፊ ስለሆነች። ሚጢጢ ሌሎች ሲሠሩ ማየት እንጂ መንካት አይፈቀድላትም። ባለፈው ሳምንት ደጋግማ ስትለምናት ዝምታ የይለፍ ቃሏን ሰጠቻት። «አይተሽ ተማሪ፣ እጅሽን ግን ሰብስቢ» ብላ ነበር የሰጠቻት።

ሚጢጢ እጇን አልሰበሰበችም። ዛሬ ጠዋት፣ ቲቸር በፈተናው ቀን ማንም ምንም እንዳይነካ አስጠንቅቀው ሳለ፣ በዝምታ አካውንት ገባች። ክበቡ የሠራት ትንሽዬ ድረ ገጽ በስሟ ስትጠራ እንድትከፈት አንድ የማስተላለፊያ ደንብ ልትጨምር ነው። ደንቡ የግቢ በር ዘበኛ ማለት ነው። ኮምፒውተሮቹ ስም ይዘው ይመጣሉ፣ እሱም «ይህን ስም እዚያ ጠይቁ» ብሎ ይጠቁማቸዋል። ስሙ በነጥብ ማለቅ አለበት።

ትእዛዙን ከትናንት ማስታወሻዋ ገልብጣ ትእዛዝ መጻፊያው ጥቁር መስኮት ላይ ለጠፈችና የጎደለችውን ነጥብ መታች። ኪቦርዱ ግን ለዝምታ መልእክት ስትጽፍበት አማርኛ ላይ ቀርቶ ኖሮ፣ ነጥቧ አራት ነጥብ ሆና ቁጭ አለች። ማሽኑ አልቀበልም አለ። ሚጢጢ በራሷ ሳቀች። አራት ነጥቡን ለማጥፋት ማጥፊያውን ተጭና ስታቆየው ስሙም አብሮ ተጠረገ፤ እሷ ዓይኗ ቋንቋ መቀየሪያው ላይ ስለነበር አላየችም። ወደ እንግሊዝኛ ቀየረች፣ ነጥብ መታች፣ አስገባች። «ተሳክቷል» ሲላት ልቧ ጮቤ ረገጠ።

አሁን ደንቦቹን ዘረዘረች። ስም መኖር ያለበት ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ አለች። ነጥብ ብቻዋን ስትቆም «ማንኛውም ስም» ማለት መሆኑን ቲቸር ሦስት ጊዜ አስተምረዋቸዋል። ስለዚህ ዘበኛው ግቢው ውስጥ የሚጠየቀውን ስም ሁሉ፣ የፈተናውንም ጨምሮ፣ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ወደተቀመጠው የክበቡ አሮጌ ኮምፒውተር እየላከ ነው። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ከክበቡ ገጽ በቀር የሚያውቀው የለም።

«ጉዴ ፈላ» አለች። መቶ ሃያ ተማሪ። የዓመት ልፋታቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

የመሰረዣውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው ጻፈችው። ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጫጫታው ረገብ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። አንዱ ኮሪደሩ ላይ «ፈተናው ተመለሰ» እያለ አለፈ።

እፎይ አለች። ማንም አላየኝም ብላ አሰበች። እንደዚያ በማሰቧ አፈረች፣ ግን አሰበችው። ከዚያ የለውጦቹ መዝገብ ትዝ አላት። ከፍታ አየችው። ደንብ ተጨመረ፤ ደንብ ተሰረዘ። ሁለቱም አጠገብ የተጻፈው የዝምታ ስም ነው። ዝምታ ዳይሬክተሯ ዘንድ መጠራቷን ስትሰማ ወደዚያው ሮጠች።

የዳይሬክተሯ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። ዝምታ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች፣ ቲቸር ጎኗ። ሚጢጢ ከውጭ ሆና ሰማች። ለተፈታኞቹ የጠፋባቸው ሃያ ሁለት ደቂቃ እንዲካካስላቸው ዳይሬክተሯ ደውለው አስፈቅደዋል፤ እሱ ተፈትቷል። ያልተፈታው መዝገቡ ነው። ቲቸር በዚያ ሰዓት ዝምታ ሒሳብ ክፍል አርባ ሰው ፊት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትሠራ እንደነበረች አረጋግጠዋል። ስለዚህ አካውንቷን የተጠቀመው ሌላ ሰው ነው።

«የይለፍ ቃልሽን ለማን ነው የሰጠሽው?» አሉ ዳይሬክተሯ።

ዝምታ ወለሉን አየች።

ካልተናገረች ጥፋቱ የሷ ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ከክበቡ እንደምትባረር፣ ዓመቱን ሙሉ ስታወራለት ወደከረመችው ውድድርም እንደማትሄድ ነገሯት። ቲቸር ቀስ ብለው፣ ተናገሪ ልጄ አሏት። አፍ ከፈታች ጀምሮ አፏን ገጥማ የማታውቀዋ ልጅ ዛሬ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ።

ሚጢጢ ይህን ሁሉ በበሩ ክፍተት አየች። ዝምታ እውነትም ዝም ትላለች ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። በጫፍ እግሯ ብትመለስ የሚያያት አልነበረም።

ጎንበስ ብላ በበሩ ገባች።

«የሰጠችው ለእኔ ነው» አለች። «እንዳትነኪ ብላኝ ነበር። ነጥቧን የመታኋት እኔ ነኝ።»

ዝምታ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገችና ዞር ብላ አየቻት።

«እጅሽን ሰብስቢ አላልኩሽም?» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

ሚጢጢ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።