ከድማት ማዶ ያለችው እቴጌ

የወርዘም መንግሥት ነጋሪት ድምፁን ያጣው ንጉሥ አንዳርጌ በነገሠ በሃያኛው ዓመት፣ በዘውድ በዓል ቀን፣ ሕዝብ ሁሉ አደባባይ ቆሞ ሳለ ነው። መቺው ዱላውን አንሥቶ አሳረፈ፤ ምንም አልተሰማም። ደገመ፤ ጸጥ። በሦስተኛው ምት ዱላው ተሰበረ እንጂ ነጋሪቱ ትንፍሽ አላለም። በዚያው ሰዓት ከከተማው በታች የሚፈሰው የድማት ወንዝ ቆመ፤ ዓሣዎቹም ጭቃ ላይ ሲንፈራገጡ ዋሉ።

ጠቢባኑ ተሰብስበው ኮከብ ቆጠሩ። አንዱ የጎረቤት ንጉሥ ምቀኝነት ነው አለ፤ ሌላው የሕዝቡ ኃጢአት ነው አለ። ጠቢብ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። እውነቱን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ከመጋረጃ ጀርባ ነበረች።

እቴጌ ትርንጎ ለንጉሡ የተዳረችው ከድማት ማዶ፣ ከጉምዳር ተራሮች መጥታ ነው። ጉምዳሮች ጉማሮ የሚባለውን ፍጡር ያረባሉ። ጉማሮ እንደ ጎሽ ቀንዳም ነው፤ ቁመቱ ዝግባ ያህላል፤ ሲራመድ ምንጭ ያፈልቃል፣ የተኛበትም ምንጭ ይደርቃል። በጉምዳር አይታረድም። በወርዘም ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ ከማዶ የመጣች እቴጌ ወንዙን መልሳ ከተሻገረች እንደ ሞተች ትቆጠራለች። ለቅሶ ይለቀስላታል፣ አርባዋ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በዓይኑ ያያት ሰው እንኳ ሊያናግራት አይችልም። ሕጉን ያወጡት የጥንት ነገሥታት የአማቶቻቸውን ጦር የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ።

በዚያ ዓመት የነጋሪቱ ቆዳ አርጅቶ፣ የንጉሡ አዳኞች ለበዓሉ ብርቅ ቆዳ ሲፈልጉ የጉማሮ ጥጃ ገድለው አመጡ። እቴጌይቱ ያኔውኑ «ተዉ፣ ይህ ቆዳ እናት አለው» ብላ ነበር። መኳንንቱ ፈገግ አሉ። ሴት ለአባቷ አገር ታደላለች ተባለ፤ ቆዳውም ተወጠረ።

«ጃንሆይ» አለች አሁን ከመጋረጃው ጀርባ፣ «እናቲቱ ልጇን ፍለጋ ወርዳ የድማት ምንጭ ላይ ተኝታለች። ቆዳውን ይመልሱላት። ካልተነሣች የምንጠጣው የለም።»

ንጉሡ ቆዳ አልመለሰም፤ ሦስት መቶ ጦረኛ ሰደደ። ሰማንያ ተመለሱ።

በሦስተኛው ወር ጉድጓዶች ሁሉ ደረቁ። ያን ጊዜ የእቴጌይቱ ልጅ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልዕልት ውብዳር፣ ከዙፋኑ ፊት ተንበረከከች።

«አባቴ አንዳርጌ ይሙት! ቆዳውን ለባለቤቱ ሳላስረክብ፣ ድማትንም ሳላስፈስስ ወደዚህ ደጅ አልመለስም!»

«ሦስት መቶ ወንድ ያልቻለውን አንቺ በምን ትወጪዋለሽ?» አለ ንጉሡ።

«በእናቴ ዜማ።»

ጉማሮ ሲታለብ የሚዜምለት ጥሪ አለ፤ የጉምዳር ሴቶች ብቻ ያውቁታል። ትርንጎ ሰባት ቀን ሙሉ አስጠናቻት። ንጉሡም ቆዳውን ከነጋሪቱ አስፈታላት፤ ከዚያ ጉዞ ሆነ። ልዕልቲቱን የተከተለው ከሰማንያዎቹ አንዱ፣ ፊታውራሪ ቢሻው ነው፤ ሲፎክር ጆሮ የሚያደነቁር፣ ሲዋጋ ግን ከፉከራው የማያንስ ሽማግሌ። እቴጌይቱ እስከ ወንዙ ዳር ሸኘቻቸውና ድንኳኗ እዚያው ተተከለ። ወንዙ ድንጋይ ብቻ ሆኗል፤ ሕጉ ግን አልደረቀም።

ምንጩ ከማዶ ካለው ገደል ሥር ነው፤ ከድንኳኑ በግልጽ ይታያል። ጉማሮዋ አፉን ዘግታበት ተኝታለች፤ ትንፋሿ ጉም ሆኖ ዐለቱን ሸፍኖታል።

«ፊታውራሪ፣ ጦርዎን ያስቀምጡ» አለች ውብዳር።

«እመቤቴ፣ ቢሻው ያለ ጦር የታየው በተወለደ ቀን ብቻ ነው።»

«ዛሬም እንደ ተወለዱ ይቁጠሩት።»

እያጉረመረመ አስቀመጠ። ውብዳር የጥጃውን ቆዳ መሬት ላይ ዘርግታ ማዜም ጀመረች። ጉማሮዋ ጆሮዋን አቀናች፤ አንገቷን ዘርግታ ቆዳውን አሸተተች፤ ከዚያም ምድር በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ጮኸች። ዜማው ትክክል ነበር። የዘማሪዋን ድምፅ ግን ጉማሮዋ አታውቀውም፤ የምታውቀው የልጇን ጠረን ብቻ ነው፣ ያም በማታውቀው ሰው እጅ። ቀንዷን ሰብቃ መጣች። ቢሻው ባዶ እጁን መሐል ገባ፤ ትከሻው ተሰብሮ ተዘረረ። ልዕልቲቱ ከገደሉ ጋር ተጣበቀች።

ትርንጎ ከድንኳኑ ወጥታ ጫማዋን አወለቀች።

«እቴጌ ሆይ፣ ሕጉ!» አለ የዘቦች አለቃ።

«ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ።»

ልብሷን ሰብስባ በደረቁ ድንጋይ ላይ ሮጠች፤ ማዶ ስትደርስም ተጣራች። ያ ጥሪ እንደ ውብዳር ዜማ ያማረ አልነበረም፤ ትንፋሿ ያጠረባት የአንዲት እናት ጩኸት ነበር። ጉማሮዋ ግን ቆመች። ትርንጎ ልጃገረድ ሳለች ከመዳፏ ጨው እያላሰች ያሳደገቻት ጥጃ ይህቺ ነበረች። ጉማሮዋ ቀስ ብላ መጥታ አፍንጫዋን በትርንጎ መዳፍ ውስጥ አስገባች። ቁጣዋ ሲበርድ ከኋላዋ ምንጩ ፈነዳ።

«እማዬ፣ ተሻገርሽ!» አለች ውብዳር።

«ተሻገርኩ። አሁን አንቺ ተሻገሪ፤ ውሃው ሳይሞላ ፊታውራሪን ደግፈሽ ውረጂ።»

«አብረን እንሂድ! አባቴን እለምነዋለሁ፤ ሕጉን ይሽረዋል።»

«ይሽረው ይሆናል። ይህቺ ግን እኔ ከሄድኩ ተመልሳ ምንጩ ላይ ትተኛለች። ልጅ የሞተባት ናት፤ ብቻዋን አትተውም።»

ውብዳር የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ቢሻውን ደግፋ ወረደች። ከወገብ በላይ በደረሰ ውሃ ውስጥ አልፈው ወጡ። ዞር ስትል እናቷና ጉማሮዋ ወደ ላይኛው መስክ ሲወጡ አየች፤ ቆዳው በእናቷ ትከሻ ላይ ነበር።

ነጋሪቱ በበሬ ቆዳ ተወጥሮ ድምፁ ተመለሰ። መጀመሪያ የለፈፈውም ይህን ነው፦ «ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እቴጌ ትርንጎ ሞታለች!» ንጉሡ ሕጉን ሊሽረው ይችል ነበር፤ አልሻረውም። ሲያለቅስ ያዩት አሉ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ በገዛ ብዕሩ ሊያነሣት የሚችላትን ሴት ቀብሮ ማልቀስ። አርባዋ ወጣ፤ ሕዝቡም ከድማት ውሃ የተጠመቀ ጠላ ጠጥቶ ነፍስ ይማር አለ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ውብዳር በበቅሎ ወደ ወንዙ ወረደች፤ ዘቦቹም ተከትለዋት ነበር። ማዶ አንዲት ሽበታም ሴት ከጉማሮ ጋር ቆማለች። ሙትን አያናግሩትም። ውብዳርም ወደ በቅሎዋ ዞራ ጮክ ብላ፣

«በቅሎዬ ሆይ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ» አለቻት።

ከማዶ ሴቲቱ የጉማሮዋን አንገት እያሻሸች፣ «ሰምተሻል? ልጅ ወልዳለች አሉ። ስሟን ማን ብለው ይሆን?» አለች።

የሙት ስም ለሕፃን ማውጣት በወርዘም የተፈቀደ ነው። ውብዳር ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ከፍ አደረገቻት፤ ባላት ድምፅ ሁሉ «ትርንጎ!» ብላ ተጣራች።

ሕፃኗ ተኝታ ነበር። ከማዶ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። ዘቦቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ አልሰማንም አሉ።