«መብሩክ» የሚል ሁሉ ይጣል

«እኔን አልመረጡኝም ማለት ነዋ!» አለች ራሕዋ፣ ሰሊጥ የምታበጥርበትን ሰፌድ ጭኗ ላይ አሳርፋ።

ጓደኛዋ ሄርመላ አጠገቧ ቁጭ አለች። ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ለገበያ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ብቅ ባለችበት፣ ካሳላ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት እንደተቀበላት ልታበስር ነበር የመጣችው። ፈተናውን የተፈተኑት አብረው ነው።

«ለኔ በኢሜይል ነው የላኩልኝ» አለች ቀስ ብላ። «ላንቺ ምንም አልመጣም?»

ራሕዋ አብራቸው ወደተቀመጠችው ጎረቤቷ ሰሚያ ዞረች። የራሷ ስልክ ስለሌላት ኢሜይሏ የሚከፈተው በሰሚያ ስልክ ነው።

«ምንም የለም» አለች ሰሚያ። እውነቷን ነበር። ዛሬ ጠዋት እንኳ አይታለች። ግን ይህን ስትል ራሷ የሠራችው ማጣሪያ ትዝ አላት።

ከሁለት ወር በፊት የራሕዋ ኢሜይል በአረብኛ «መብሩክ»፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ በሚሉ የአጭበርባሪዎች መልእክቶች ተጥለቅልቆ ነበር። «መብሩክ! ካናዳ ለመሄድ ተመርጠሻል።» «መብሩክ! ሽልማት ደርሶሻል።» ራሕዋ አንዱን አምና የስደተኛ መታወቂያዋን ፎቶ ላከች፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ስትፈራ ከረመች። ሰሚያ አንድ ቪዲዮ አየችና ማጣሪያ ሠራች፦ «መብሩክ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ሳይታይ በቀጥታ ወደ መጣያው ይግባ። የፈጀባት አምስት ደቂቃ ነው። በነጋታው መልእክቱ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ወላሂ መሐንዲስ ነሽ!» ብላት ነበር ራሕዋ።

ሰሚያ ወደ አባቷ የጨርቅ ሱቅ ተመልሳ ጣቃዎቹ መሃል ተቀመጠችና መጣያውን ከፈተች። ከካናዳውና ከሽልማቱ መካከል ተቀምጧል። «መብሩክ ራሕዋ፣ ትምህርት ቤታችን ተቀብሎሻል። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ስጪን።» ከመጣ ሃያ ቀኑ ነው።

ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደወለች። ያነሳችው ሴት በትዕግሥት ሰማቻት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም» አለች ሰሚያ፣ አረብኛዋ እየተደነቃቀፈባት።

«መዓለሽ ያ ቢቲ፣ ይቅርታ ልጄ፤ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል።»

«ለከርሞስ?»

ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ለከርሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ መኖሩን ማን ያውቃል?»

አባቷ ጀማሉ ጨርቅ እየለካ ሁሉንም ሰምቷል።

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ አባ።»

«እንግዲያ ተይው። ካለፈ በኋላ ብትነግሪያት ምን ይጠቅማታል? ልቧን መስበር ነው።»

ክፉኛ የከበዳት ይሄ ነበር፤ አባቷ አልተሳሳተም። ዝም ብትል መጣያው ደብዳቤውን ከአሥር ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። ብትነግራት ደግሞ የምትሰጣት ምንም ነገር የላትም። ማጣሪያውን ሰረዘችው። ወዲያው ሦስት «መብሩክ» ተከታትለው ገቡ። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ከትምህርት ስትመለስ ራሕዋ ቤት ጎራ አለች። ራሕዋ በር ላይ ሻሽ እያሰረች ነበር።

«ከእሁድ ጀምሮ ከእማ ጋር የሰሊጥ መጋዘን ሥራ ልገባ ነው» አለች። «ይሻላል፣ ሰሚ። ሄርመላ አልፋ እኔ ከወደቅኩ፣ ጭንቅላቴ ለትምህርት አልተፈጠረም ማለት ነው። ደብተሮቼን ላንቺ እህት ልስጣት?»

ሳቅ ለማለት ሞከረች። ሰሚያ ግን መሳቅ አልቻለችም። መንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«አልወደቅሽም» አለች።

«ምን?»

ሰሚያ ደብዳቤውን ከፍታ ስልኩን አቀበለቻት። «አንብቢው። ቀኑ አልፏል፤ ደውዬ ለምኜ ነበር፣ እምቢ አሉ። ያልደረሰሽ በኔ ጥፋት ነው።»

ራሕዋ ማንበብ ጀመረች። እስከ ታች ወረደች፣ እንደገና ወደ ላይ መለሰችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ሂጂ» አለች። «አሁን አንቺን ማየት አልፈልግም።»

«እሺ» አለች ሰሚያ።

ስልኩን ከራሕዋ መልሳ አልወሰደችም። ግቢውን አቋርጣ ወጣችና፣ ራሕዋ ከጠራቻት የምትሰማበት ቦታ ላይ፣ አጥሩን ተደግፋ ቆመች።