ይተኛ ተዉት

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ፊደል እንኳ ያልቆጠርሽ ሰው!»

እንዲህ ያለኝ ልጄ ወንድይራድ ነው። በልጆቹ ፊት። ጉልት ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየሸጥኩ መሐንዲስ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ግን አለመማሬን ያነሣብኛል። አሁን ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። መንዳቱን አልናቅኩም፤ እንጀራ ነው። ንቀቱን ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ ከኔ ቤት ይዞት አልወጣም።

እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነበር፤ «ይኼ ልጅ ደኅና አይደለም።»

ልጁ ሲሞን ነው፤ የልጅ ልጄ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ። ሶፋው ላይ ተጋድሞ በጠራራ ፀሐይ ያንኮራፋል። እኛ ያለንበት ሰፈር፣ ቫይትቬት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፎቁ ሥር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ጫጫታቸው በመስኮት ይገባል። ሌላ ቀን ቢሆን ሲሞንን በሰንሰለት ብታስሩት ቤት አይቀመጥም። እህቱ ማኅደር አጠገቡ ተንበርክካለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እኔን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየች። ግን አልደወለችም።

ለምን እንዳልደወለች እንዲገባችሁ፣ ምሳ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሲሞን እየበላ ነው። ልክ ጨው አቀብሉኝ እንደሚል ሰው፣ «ትምህርቴን ቀይሬያለሁ። አናጢነት ነው የምማረው» አለ።

ወንድይራድ እጁን ከሳህኑ አነሣ። «ምን?»

«አናጢነት። ትምህርት ቤቱም እሺ ብሏል።»

«ሚስማር እንድትመታ ነው እዚህ አገር ያመጣሁህ?»

«አላመጣኸኝም። እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

እውነቱን ነው። ግን እውነትም ቢሆን አነጋገር አለው። ወንድይራድ ከጠረጴዛው ማዶ ተንጠራርቶ በጥፊ አጮለው። ሲሞን ብድግ አለ። በቁመት አባቱን አልፎታል። የአባቱን ደረት ገፋ አደረገና በኖርዌጅኛ ጮኸበት፤ ማኅደር በኋላ እንደነገረችኝ «አንተ አትወስንልኝም» ነው ያለው።

ልጄ ያን ጊዜ ሰው አልነበረም። የሲሞንን ሹራብ በሁለት እጁ ጨምድዶ እስከ ግድግዳው ድረስ እየነዳ ወሰደው። ወንበር ተገለበጠ፣ ወጥ ተደፋ፣ ትንሿ እህታቸው ርብቃ እየጮኸች ጠረጴዛ ሥር ገባች። «ተው! ተው!» እያልኩ ከኋላ ልብሱን ያዝኩት፤ እንደ ዝንብ አራገፈኝ። ከዚያ ገፈተረው። ከመስኮቱ ሥር የብረት ማሞቂያ አለ። የሲሞን ጆሮ ግንድ በጠርዙ ተመታ። ድምፁ ውኃ የሞላ እንስራ ድንጋይ ሲነካው የሚሰማው ዓይነት ነው።

ሲሞን ወደቀ። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እሱ ግን የለም። ማኅደር ስሙን እየጠራች ጉንጩን መታ መታ አደረገችው። ጥቂት ቆይቶ ነቃ፤ ዙሪያውን አየና «ምንድን ነው?» አለ። እንዲያውም ሳቀ። ደም የለም፣ ከጆሮው በላይ እብጠት ብቻ። ወንድይራድ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ያዘለት። ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። ሲሞንም ፊቱን አዙሮ «ኦኬ ነኝ፣ ልቀቀኝ» አለው።

የሳቀ ልጅ ምን ይሆናል? እኔ የተደፋውን ወጥ ስጠርግ፣ ሲሞን ጌሙን ከፍቶ መጫወት ጀመረ። ርብቃም ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ አጠገቡ ተለጠፈች። ቤቱ ሰላም መሰለ።

ከዚያ ራሱን አመመው። አባቱ ፓራሴት የሚሉትን የራስ ምታት ክኒን ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ አስመለሰው። አጠብነው፣ ደግሞ አስመለሰው። ጌሙን ጣለና ሶፋው ላይ ተዘረጋ።

«ይተኛ ተዉት» አለ ወንድይራድ። «እንቅልፍ ነው የሚሻለው። ሐኪም ዘንድ ብንወስደውስ? ፓራሴት ውሰድ፣ ውኃ ጠጣ ብለው ይመልሱናል። የዚህን አገር ሐኪም አታውቁትም?»

ይቺን ቀልድ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይቀልዳታል። ያን ቀን የሳቀላት የለም።

ማኅደር ወንድሟ አጠገብ ተንበረከከች። «ሲሙ! ሲሙ፣ ዓይንህን ግለጥ እስቲ።»

«እ...»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ባቡሩ ሄደ... ጫማዬን አምጪው» አለ። ምላሱ እንደ ሰካራም ተሳስሯል።

«የምን ባቡር? ሲሙ?»

መልሶ አንኮራፋ። ማኅደር የዓይኑን ሽፋን በአውራ ጣቷ ገለጠች። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ባባ፣ የአንዱ ዓይኑ ጥቁሩ ሰፍቷል። የሌላው ትንሽ ነው። ና እየው!»

«ብርሃኑ ነው።»

«አይ፣ ብርሃን አይደለም! ተምረነዋል። ራሱን የተመታ ሰው ደኅና መስሎ ቆይቶ ካስመለሰው፣ ነገር ከተምታታበት፣ አልነቃ ካለ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። አይጠበቅም ባባ። ወዲያው 113 ነው የሚደወለው፣ አምቡላንስ ነው የሚጠራው።»

ይኼን ጊዜ ነው እኔም «ይኼ ልጅ ደኅና አይደለም» ያልኩት። ልጄም ያን የመለሰልኝ። እሷን መመለስ ሲያቅተው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔን መሳደብ ይቀላል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማኅደር አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ማሂዬ፣ ስሚኝ። አምቡላንስ ከመጣ ምን ሆነ ብለው ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ባርነቫርን ነው የሚመጣው። የአብዲሳን ልጆች አልሰማሽም? የላምበርትሴተር ሰፈሩን ሰውዬ? ለአንድ ጥፊ ጠራርገው ወሰዱበት።»

ባርነቫርን ልጆችን ከጉዳት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ግን ስሙ እንደ ጅብ በሹክሹክታ ነው የሚጠራው። የአብዲሳን ወሬ እኔም ከብዙ አፍ ሰምቻለሁ። በየአፉ የልጆቹ ቁጥር ይለያያል፤ አብዲሳን በዓይኑ ያየ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

«ርብቃን ይወስዷታል» አለ ልጄ። «ትንሿን። ይኼን ትፈልጊያለሽ? እናትሽ ትምጣና ትየው። እሷ ነርስ አይደለች?»

እናታቸው ወይንሀረግ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ሥራ ላይ ስልኳን ሎከር ውስጥ ትቆልፍበታለች። ማኅደር ደጋግማ ብትደውልላትም አላነሣችም። ልጅቷ ርብቃን አየቻት፤ ያቺ ምስኪን የወንድሟን ካልሲ ይዛ ታለቅሳለች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ማኅደር በዚያች ሰዓት የታያት የልጆቹ መኝታ ክፍል ነው። የሲሞንና የርብቃ ሁለት አልጋ። የትኛው ባዶ እንዲሆን ትምረጥ? ይኼን ምርጫ በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ የጫነው የገዛ አባቷ ነው።

እኔ ብደውል ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። ቁጥር መንካት ማንንም አያቅተውም። ምን ብዬ ልናገር? ከቋንቋቸው የማውቀው «ታክ» ማለትን ብቻ ነው፤ ሞት ደጅ ላይ ቆሞ አመሰግናለሁ አይባል።

«ማኅደር» አልኳት፣ «አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«እማዬ፣ ዝም በይ!» አለኝ ወንድይራድ።

«አልልም!»

ይኼኔ ሲሞን ክንዱ እንደ እንጨት ደረቀ። ጥርሱን ነክሶ ተንቀጠቀጠ፤ ተረከዙ የሶፋውን ጠርዝ ይደበድበዋል፣ ከአፉ ጥግ ነጭ አረፋ ወጣ። ርብቃ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለቀቀች። ማኅደር ስልኩ ላይ 113 ነካች።

ወንድይራድ ተወርውሮ የእጇን አንጓ ያዘ። «ስጪኝ!» እጇን ወደ ኋላ ጠመዘዘው፤ ስልኩ ወደቀ፤ ልጅቷ ጮኸች። አሁን አንዱ ልጁ ሶፋው ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየ የሌላዋን እጅ ሊሰብር ነው። ምርኩዜን አነሣሁና ክርኑ ላይ አሳረፍኩበት። አልለቀቀም። ደገምኩት፤ በዚህኛው አጥንቱ ሲጮህ ሰማሁ። ለቀቀ።

«እኔን ምታ!» አልኩት፣ መካከላቸው ገብቼ። «ና፣ እኔን ግፋኝ! ማሞቂያው እዚያ አለልህ!»

ክርኑን ይዞ አፈጠጠብኝ። ስድሳ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ፣ እኔ ወገቤ የጎበጠ። አልነካኝም።

ማኅደር ስልኩን ከመሬት አንሥታ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የሴት ድምፅ መጣ። እየተናገረች ሲሞንን ወደ ጎኑ አዞረችው፣ አገጩን ቀና አደረገችለት፣ አፉ ውስጥ የቀረውን በጣቷ ጠረገች። መንቀጥቀጡ ቆሟል፤ አተነፋፈሱ ግን እንደ መጋዝ ነው። ሴትየዋ ትጠይቃለች፣ ልጅቷ ትመልሳለች። የተባባሉትን ማኅደር በኋላ ነው የተረጎመችልኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ወደቀ።»

«እንዴት ወደቀ? ከየት?»

ወንድይራድ ከጀርባዬ አንገቱን አስግጎ፣ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ብቻ «ባኞ ቤት... ባኞ ቤት» ይላታል።

ማኅደር አባቷን አየችው። ብዙም አላየችው። ከዚያ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ ተናገረች። እኔ ከዚያ ሁሉ የገባኝ አንድ ቃል ነው፤ «ፓፓ»። በቃኝ። ልጄም ሰማ፤ በግድግዳው ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ ገፈተረው» ነበር ያለችው። «ጆሮ ግንዱን ብረት መታው። ያኔ ራሱን ስቶ ነበር፤ ከዚያ ተነሣ፣ ደኅና መሰለ። አሁን ግን አይነቃም። አንዱ ዓይኑ ሰፍቷል። አንቀጥቅጦታል።»

ሴትየዋ አልተቆጣችም፣ አልሰደበቻትም። ድምፅዋ ብቻ ፈጠነ። መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ አተነፋፈሱን እያየሽ ንገሪኝ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው አለቻት። ማኅደርም እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር ትነግራት ጀመር።

አምቡላንሱ ሲደርስ ሰዎቹ ሹራቡን በመቀስ ቀደዱት፣ አፍንጫና አፉን በጭምብል ሸፈኑት፣ አንገቱን አሰሩት። ደረጃውን ይዘውት ሲወርዱ የተንጠለጠለች እጁን አየኋት። ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ እጅ ናት፤ የሽማግሌ መሰለች። ማኅደር አብራው ገባች። ርብቃን ታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ሩቂያ ተቀበለችን፤ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም፣ እግዜር ይስጣት። እኔና ወንድይራድ በታክሲ ተከተልን። 

ሆስፒታል ስንደርስ ሲሞንን ወደ ቀዶ ጥገናው አስገብተውታል። ወይንሀረግ የማኅደር መልእክት ደርሷት፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ባሏን አላየችውም፤ አጠገቡ አልፋ ማኅደርን አቀፈቻት። ብዙ ቆይቶ ሐኪሙ ወጣ። አጥንቱን ከፍተው ደሙን እንዳወጡለት፣ በሕይወት እንዳለ፣ እስኪነቃ ግን ስለ ቀሪው መናገር እንደማይችሉ ነገራቸው። «እንቅልፍ ነው ብላችሁ ብትተዉት ኖሮ...» ብሎ አልጨረሰውም። ወይንሀረግን ወደ ልጇ ይዟት ገባ።

አግዳሚው ወንበር ላይ ሦስታችን ቀረን። የማኅደር አንጓ አብጧል፤ የአባቷ ጣቶች አራት ሆነው ታትመውበታል። እሱ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ማሂዬ፣ ሊጠይቁሽ ነው። ደንግጬ ነው ያልኩት በይ። ተምታቶብኝ ነው በይ። አንዲት ቃል ብቻ፣ የኔ ልጅ። ለርብቃ ስትይ።»

ማኅደር እጇን እያሸች ወለሉን ታያለች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ በር ተከፈተ። አንድ ፖሊስና አጭር ጸጉር ያላት ሴት ብቅ አሉ፤ ሴትየዋ ከባርነቫርን ናት። «ማኅደር?» አለች፣ ስሟን እየሰባበረች፣ ግን በቀስታ።

ልጅቷ ተነሣች። «ያልኩትን ነው የምለው፣ ባባ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

ሴትየዋን በመዳፌ «ቆይ» አልኳት፤ ይኼ በየትም አገር ቋንቋ ነው። ማኅደርን በሹራቧ ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ወንድይራድ» አልኩት። «ቀና በል። እየኝ።»

«እማዬ፣ አሁን አይደለም...»

«አሁን ነው። ይቺ ልጅ ወንድሟን ከሞት አፍ ስትጎትት አንተ እጇን ስትጠመዝዝ ነበር። አንዴ ተናግራለች፤ ያንተን ጉድ እንደገና በሷ አፍ አታስወጣም። ተነሥና ከሷ በፊት ግባ። ‹ልጄን የገፈተርኩት እኔ ነኝ› በላቸው። ተነሥ!»