እናት የማትወጣበት መኪና

ቀያሹ ሰውዬ በሥራው የሚታማ አይደለም። መንገድ ሊሠራ ሲታሰብ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዳገቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚቆረጥ ይነግራችኋል። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ግን ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት አንድ የማይቀር ጉዳይ ነበረው፤ እናቱን ክሊኒክ ማድረስ።

እናቱ ስኳር አለባቸው። ግራ ተረከዛቸው ላይ የወጣች ሳንቲም የምታክል ቁስል አልድን ብላ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየታጠበች ትታሸግ ነበር። ነርሷ «እማማ፣ ይቺ ቁስል የምትድነው እርስዎ ካልቀሩ ነው» ብላቸዋለች። እሳቸውም ቀርተው አያውቁም። በልጃቸው አሮጌ ጂፕ ከፊት ይቀመጡና፣ «አንተ፣ ቀስ በል! ሰው አለ!» እያሉ እስከ ክሊኒኩ በር ይነዳሉ፤ መሪው እሱ ዘንድ ይሁን እንጂ።

እሑድ ሲሆን ደግሞ መኪናዋ የጓደኞቹ ናት። ስድስት ሆነው ከከተማ ይወጡና ጭቃና ድንጋይ ሲፈልጉ ይውላሉ። ጤነኛ ሰው ጭቃ ሲያይ ይዞራል፤ እነሱ ደግሞ ጠፋብን ብለው ያዝናሉ። ከስድስቱ መኪኖች ዝቅ ያለችው የቀያሹ ነበረች። አንድ እሑድ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አራቱም ጎማዎች በከንቱ ሲሽከረከሩ፣ የቡድኑ አውራ፣ «ጭቃው» የሚሉት ነጋዴ፣ ሊጎትታት ገመድ እያሰረ፣

«አንተ፣ ከዛሬ ወዲያ ይቺን ድንክዬ ለምን በኪስህ ይዘሃት አትመጣም?» አለው።

ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ቀልዱ ግን ከነከነው።

ረቡዕ በማለዳ ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሰው ሲያናግሩ እጃቸውን በጨርቅ የሚጠርጉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ መኪናዬን ከፍ አድርጉልኝ።»

«በስንት?»

«በአሥራ አምስት ሴንቲ። ጎማውም በትልቅ ይቀየር።»

መካኒኩ ጎንበስ ብለው ከሥር ሲያዩ ቆዩ። «አምስት ሴንቲ ይበቃሃል። ትንሽ ረዘም ያለ ሞላ፣ ከሱ ጋር የሚመጣጠን ሾክ አብዞርበር፤ በቃ፣ ድንጋይህን ታልፋለህ። አሥራ አምስት ካልክ ግን የፍሬን ቱቦው አይደርስም፣ መታጠፊያ ላይም ትንገዳገድብሃለች። ብዙ ነገር መቀየር ሊኖርብን ነው።»

«ይቀየራ!»

«ለመሆኑ ማን ማን ነው የሚሳፈርባት?»

«ማን ይሳፈራል ጋሼ? እኔ ነኛ!»

ያን ሲናገር እናቱ በሐሳቡ ጥግ እንኳ ውል አላሉም። ክፋት አልነበረበትም፤ ረስቷቸው ነው። ሦስት ቀን ሳይሞላው ከጎኑ የሚቀመጡትን ሰው!

«እንግዲያው በጎን በኩል መረገጫ ልግጠምልህ» አሉ መካኒኩ።

«ኧረ ተዉ! ድንጋይ ይመታዋል። ደግሞ የአክስቶች መኪና ያስመስላታል።»

መካኒኩ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «መኪናዋ ያንተ ናት» አሉና መፍቻቸውን አነሡ። ሥራውንስ አሳምረው ሠሩት። ሞላው ልኩ ነበር፣ የፍሬን ቱቦው ረዘመ፣ አንድ ቡሎን እንኳ አልላላም። ኋላ ለመጣው ጣጣ መኪናዋን የሚወቅስ ሰው ካለ ይሳሳታል።

ዓርብ ጠዋት እናቱ ከደጅ ወጥተው ቀና ብለው አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣ ይቺ ምን በላች?»

«አማረባት አይደል?»

«አምሮባታል» አሉ፤ ምን ይበሉ።

በሩን ከፈተላቸው። ወለሉ ከጉልበታቸው በላይ ነው። ቀኝ እግራቸውን አንሥተው እንዳይወጡ በቁስሉ መቆም ሊኖርባቸው ነው፤ ግራውን እንዳያስቀድሙ በቁስሉ መርገጥ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክረው ቆሙ። እሱ ሰዓቱን አየና፣ «ነይ፣ እንዲህ ነው የሚወጣው» ብሎ በብብታቸው ገብቶ ሽቅብ ገፋቸው። ቀሚሳቸው እስከ ጭናቸው ተገለበ። ከማዶ ሱቁ በር ላይ ከቆሙት አንዱ፣ «አይዞዎት እማማ፣ ሊበሩ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቱም ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ አብረው ሳቁ።

«ምን ላድርግ፣ እንደ ጆንያ ጫነኝ!»

እሱም ሲስቁ አይቶ ደስ ያላቸው መሰለው። ክሊኒኩ በር ላይ ሲወርዱ ደግሞ በቁስላቸው አረፉ። ከንፈራቸውን ነከሱ እንጂ ድምፅ አላሰሙም።

ማክሰኞ ሊወስዳቸው ሲመጣ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው፣ ተዝናንተው ተቀምጠው አገኛቸው።

«ነርሷ ድኗል ብላኛለች። ከእንግዲህ ካላመመዎት አይምጡ አለችኝ።»

«እውነት?»

«ታዲያ ልዋሽህ ነው?»

ዋሽተውታል። እሱም ማመኑ ተመቸው፤ በሳምንት ሁለት ጠዋት ተረፈለት። ክሊኒኩ ስልክ አለው፣ እሱም ስልክ አለው፤ ግን አልደወለም።

በሁለት ወር ውስጥ ያን ድንጋይ ሦስት ጊዜ አለፈው። ጭቃው ራሱ እያጨበጨበ ፎቶ አነሣው። በዚያው ሰሞን የእናቱ ጎረቤት የሆነች ልብስ ሰፊ መንገድ ላይ አስቆመችው።

«እትዬ ክሊኒክ መሄድ ተዉ እንዴ? ጨው ውኃ እያሞቁ እግራቸውን ሲዘፈዝፉ አያለሁ።»

«ድናለች እኮ።»

«ማን አለ?»

«ራሷ ነቻ!»

«ወይ አንተ! እናት አሞኛል ስትል ሰምተህ ታውቃለህ? ግባና ካልሲያቸውን አውልቀህ እይ።»

«እሺ፣ አያለሁ» አላት። ከዚያ እሑድ ደረሰ፣ ጭቃውም ደወለ፤ ሳያይ ቀረ።

ቁስሉን ያወቀው በአፍንጫው ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዳቦ ይዞ ሲገባ ቤቱ ክፉ ጠረን ይዟል። አይጥ የሞተ መስሎት ተንበርክኮ አልጋ ሥር ፈለገ። ቀና ሲል አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጡት የእናቱ እግር ፊቱ ላይ ነበር። ካልሲውን ሲስበው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ እንቢ አለ። ጣቶቻቸው ጠቁረዋል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መናገሩ ከበደው። «ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ...» ብሎ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ።

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?» አለ ቀያሹ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ። «ታክሲ እጠራልሽ አልነበር? ኧረ ሞላውን ነቅዬ እጥለው ነበር!»

እናቱ ብርድ ልብሱን አስተካከሉ። «ሰው ፊት ተገለብኩ ልጄ። አንተም ቸኩለሃል። ደግሞ መኪናህን ስታያት እንደ ሕፃን ነበር ደስ የሚልህ። እኔው ነኝ የበዛሁባት አልኩ።»

እናቱ ከቀዶ ጥገና በወጡ ማግስት ጋራዥ ሄደ። «ዝቅ አድርጉልኝ፤ መረገጫም ግጠሙልኝ» ብሎ ነገሩን ሁሉ ሲነግራቸው መካኒኩ መሬት መሬት አዩ።

«እኔም አለሁበት» አሉ። «ጥያቄውን ጠይቄ መልሱን ሳላጣራ መፍቻ አነሣሁ። የምትጦራት እናት አለችህ ወይ ብዬ አንድ ቃል ብጨምር ምን ነበረበት?»

እሑድ ዝቅ ባለችው መኪና ጓደኞቹ ዘንድ ሄደ።

«ምን ነካህ? ድንክዬዋ ተመለሰች እንዴ?» አለ ጭቃው።

«ተመለሰች። እናቴ ግን በሁለት እግሯ አትመለስም።»

የሆነውን ነገራቸው። አንድም የሚስቅ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት መኪናውን ከፍ ሊያስደርግ ቀጠሮ የያዘ፣ ሽማግሌ አባቱን የሚጦር አንድ ጓደኛቸው ነበር፤ ቀያሹ ዞሮ እሱን ያዘው።

«ከፍ አታስደርግ አልልህም። ጭቃም ድንጋይም ጥሩ ነው። ጋራዥ ስትሄድ ግን አባትህን ይዘሃቸው ሂድ። ምርኩዛቸውን ይዘው ይውጡባት፣ ይውረዱባት። ስንት ሴንቲ እንደሚበቃህ እሳቸው ይንገሩህ፤ እኔ አልነግርህም፣ መካኒኩም አይነግርህም። እስኪነግሩህም ሳትጠብቅ ጠይቃቸው። ደህና ነኝ ካሉህ አትመን፤ ካልሲያቸውን አውልቀህ እይ።»

ጓደኛው ቀጠሮውን ሰረዘ ይላሉ። አሥራ አምስቱን በአምስት ቀይሮታል የሚሉም አሉ።

እናቱ ከሆስፒታል የወጡት በሦስተኛው ሳምንት ነው። አንዲት አስታማሚ በተሽከርካሪ ወንበር እስከ መኪናዋ ገፋቻቸው። ቀያሹ በሩን ከፍቶ፣ አዲሱን መረገጫ በእጅጌው ጠርጎ ጠበቃቸው። እናቱ መረገጫውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ከዚያ ከጉልበታቸው በታች የተጣጠፈውን ባዶ ቀሚስ አዩ።

«ዝቅ አደረግካት?»

«አዎ እማዬ።»

«አይ ልጄን!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አሁንማ ተሸክመህ ማስገባትህ ላይቀር፣ እንደወደድካት ብትተዋት ምን ነበረበት።»

ቀያሹ ወደ ወንበሩ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ አቀፋቸው።